አስቀድሞ የተቀመጠ እርሾ

ከሆሳዕና ገበያ የገዛሁትን ሙዝ ልጣጩ ጥቁር ነጠብጣብ እስኪያወጣ አቆየሁት። ከዚያ ለሁለት ከፍዬ ግማሹን ባዶ የማር ጠርሙስ ውስጥ ጣልኩ። ወረቀት እንደ ጥሩምባ ጠቅልዬ ሹል ጫፉን ወደ ታች አድርጌ በጠርሙሱ አፍ ሰካሁት። የጫፉ ቀዳዳ እርሳስ አያሳልፍም። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ዝንቦች ገብተው አገኘሁ። የጠላ ጋን አፍ ላይ፣ የበሰለ ፓፓያ ላይ፣ ሳይታጠብ ባደረ ብርጭቆ ውስጥ የምናያቸው፣ ቀይ ዓይን ያላቸው ጥቃቅኖቹ ናቸው። ፍሬ ሲፈላ የሚያድገውን እርሾ ይበላሉ።

ጠርሙሱን ማቀዝቀዣ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አኖርኩት። ሲደነዝዙ ነጭ ወረቀት ላይ ዘረገፍኳቸውና በእጅ ማጉያ መነጽር አየኋቸው። ርዝመታቸው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው። አምስቱ ሴቴ፣ አራቱ ወንዴ። መለየቱ አይከብድም። የሴቴዋ ሆድ ረዘም ብሎ ወደ ጫፉ ይሾላል፤ ጥቋቁር መስመሮቹ እስከ መጨረሻው ተለያይተው ይታያሉ። የወንዴው ሆድ አጠር ብሎ ድቡልቡል ይላል፤ የመጨረሻዎቹ መስመሮች ተዋህደው አንድ ጥቁር ቆብ ሆነዋል። በሁለቱ የፊት እግሮቹ ላይ ደግሞ አንድ አንድ ጥቁር ነጥብ አለ። በጠንካራ ማጉያ ሲታይ ነጥቡ ማበጠሪያ ነው፤ ወደ 10 የሚጠጉ ወፋፍራም ጥርሶች በአንድ ረድፍ ቆመውበታል።

የዝንቧ የሳይንስ ስም ድሮሶፊላ ሜላኖጋስተር ነው። ፊተኛው ቃል «ጤዛ ወዳድ»፣ ኋለኛው «ሆደ ጥቁር» ማለት ነው። «ሆደ ጥቁር» ያላት ጀርመናዊው ዮሐን ሜይገን ነው፤ በ1830። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስሙ ከማንም ይልቅ ለእኛ አገር ዝንብ ይስማማል። በ2014 የታተመ ጥናት የዚህችን ዝንብ ቀለም ከብዙ አገር አነጻጽሮ ጥቁረቷ ከሁሉ የበረታው በኢትዮጵያ መሆኑን አሳይቷል። ጥቁረቱ ከፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ብርታት ጋር አብሮ ይሄዳል።

ማበጠሪያውም ቆቡም የአካል ናቸው፤ ዝንቡ ሲሞት አብረው ይሞታሉ። ወደሚቀጥለው ትውልድ የሚሻገሩት ጥቂት ሕዋሶች ብቻ ናቸው። በሴቴዋ ውስጥ እንቁላል፣ በወንዴው ውስጥ ስፐርም ይሆናሉ። የዘር ሕዋስ እንላቸዋለን። እነዚህ ሕዋሶች ሴቴ ወይም ወንዴ መሆናቸውን የሚያውቁበት መንገድ ከተቀረው አካል መንገድ ይለያል። ካየኋቸው የእጅ ሥራዎች ሁሉ ይህን ያህል በጥንቃቄ የተገጣጠመ አላስታውስም።

ከእንቁላሉ ልጀምር። ርዝመቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው፤ ነጭ ነው። በራሱ በኩል መቅዘፊያ የመሰሉ ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች አሉት፤ እርጥብ ሙዝ ውስጥ ሲሰጥም አየር የሚያገኘው በእነሱ ነው። በጅራቱ በኩል ደግሞ እናቱ አስቀድማ ያኖረችለት ነገር አለ። የፕሮቲንና የአር.ኤን.ኤ. ድብልቅ ነው፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጥቃቅን ፍሬዎች ይበዙበታል። ይህን ድብልቅ እዚያ ቦታ የሚያሰባስበው ኦስካር የተባለ ጂን ነው። እኔ እርሾ እለዋለሁ።

ቃሉን ለጌጥ አላመጣሁትም። እናቶቻችን ከቡኮው ጥቂቱን ሳይጋገር ለይተው ያስቀምጣሉ። የተጋገረው ይበላል፤ የተለየው ለሚቀጥለው ቡኮ እርሾ ይሆናል። ዝንቧ የምታደርገው ይህንኑ ነው፤ መጀመሪያ የዘሩን ትለያለች፣ ከዚያ አካሉ ይሠራል።

ልየታው እንዲህ ይሄዳል። እንቁላሉ ከተጣለ በኋላ ኑክሊየሱ በደቂቃዎች ልዩነት ይከፈላል፤ 2፣ 4፣ 8፣ 16 እያለ። በመካከላቸው ግድግዳ የለም፤ ሁሉም በአንድ ከረጢት ውስጥ ይንሳፈፋሉ። በ25 ዲግሪ ሙቀት ወደ 90 ደቂቃ ገደማ ጥቂቶቹ የእንቁላሉ ጅራት ላይ ይደርሳሉ። እርሾው ውስጥ የገባ ኑክሊየስ እንደ ጠብታ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ከስሩ ታንቆ ይቆረጣል፤ ግድግዳ ያለው ሙሉ ሕዋስ ይሆናል። የዝንቧ የመጀመሪያዎቹ ሕዋሶች እነዚህ ናቸው። ቆዳ፣ አንጀት፣ ዓይን የሚሆኑት 6,000 ያህል ኑክሊየሶች ግድግዳቸውን የሚያገኙት ከአንድ ሰዓት በላይ ዘግይተው ነው። ከ30 እስከ 40 የሚሆኑ ክብ ሕዋሶች ጅራቱ ላይ እንደ ዶቃ ተሰብስበው ይቆማሉ። ጎረቤቶቻቸው ጂኖቻቸውን ማንበብ ሲጀምሩ እነሱ ዝም ይላሉ። የእናታቸው እርሾ አፋቸውን ይዞላቸዋል፤ እንደ ሌላው ቆዳ ወይም ጡንቻ ሆነው እንዳይቀሩ።

በ1974 ካርል ኢልመንዜና አንቶኒ ማሆዋልድ ከእንቁላሉ ጅራት ጥቂት እርሾ በቀጭን የመስታወት መርፌ ስበው በሌላ እንቁላል ራስ በኩል አስገቡ። የዘር ሕዋሶች በራሱ በኩል በቀሉ። በ1992 ደግሞ አን ኤፍሩሲና ሩት ሌማን ከኦስካር ጂን የሚነበበውን መልእክት (አር.ኤን.ኤ.) ብቻ ወደ ራስ በኩል እንዲሄድ አደረጉ፤ ውጤቱ ያው ሆነ። ራስ ይሁን ጅራት ግድ የለም፤ ሕዋሱን የዘር ሕዋስ የሚያደርገው እርሾው ነው።

እንሰት ጓሮ ላደገ ሰው ይህ ሥርዓት እንግዳ ነው። ሀዲያና ከምባታ ውስጥ እንሰት ለማባዛት ዘር አይፈለግም። አምቾው፣ ከመሬት በታች ያለው ግንዱ፣ ይወጣል፤ መሀል ቡቃያው ተፈልፍሎ ይጣላል፤ ከአፈርና ከፍግ ጋር ተመልሶ ይቀበራል። ከዚያ ከዙሪያው ብዙ ችግኝ ያቆጠቁጣል። በእንሰት ውስጥ ከልጅነት ለዘር ተለይቶ የተቀመጠ ሕዋስ የለም፤ የአምቾው ሥጋ ራሱ ዘር ይሆናል። ዝንቧ እንዲህ ያለ ዕድል የላትም። እነዚያ ጥቂት ሕዋሶች ከጠፉ አካሏ ሙሉ ሆኖ ያድጋል፣ ይበርራል፣ ይጋባል፤ ዘር ግን አይኖራትም።

ሕዋሶቹ ከጅራት ተነስተው ረጅም መንገድ ይሄዳሉ። ጽንሱ ሲታጠፍ አብረው ወደ አንጀት ጅማሮው ኪስ ይገባሉ። ግድግዳውን በስተው በሌላው ወገን ይወጣሉ። እንዳይሄዱበት የተከለከለውን ቦታ ዉነን የተባለ ጂን ይዘጋባቸዋል። ወደሚሄዱበት የሚጠራቸው ምልክት ደግሞ በአንድ ኢንዛይም ሥራ ይዘጋጃል፤ የኮሌስትሮል መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሰውነት ውስጥ መድኃኒቱ የሚያግደው ያንኑ ኢንዛይም ነው። ሁሉም አይደርሱም። ከደረሱት በእያንዳንዱ ጎን ከ10 እስከ 15 ያህሉ የአካል ሕዋሶች ያቅፏቸዋል። ያ ጥቅልል የእንቁላል ወይም የስፐርም ማምረቻ ይሆናል።

እስከዚያው አካሉ ጾታውን ለይቶ ጨርሷል። የሚለየው በመቁጠር ነው። ሁለት ኤክስ ክሮሞሶም ያለው ሴቴ፣ አንድ ኤክስ ያለው ወንዴ ይሆናል። እንደ ሰው ዋይ አይወስንም፤ አንድ ኤክስ ብቻ ኖሮት ዋይ የሌለው ዝንብ ወንዴ ነው፣ መካን ግን ነው። ይህን ከ100 ዓመት በፊት ያሳየው የዘረመል ተመራማሪው የቶማስ ሀንት ሞርጋን ተማሪ ካልቪን ብሪጅስ ነው። ቆጠራውን ተቀብሎ የሚያጸናው ሴክስ-ሌታል የተባለ ጂን ነው፤ የሚያጸናበትን ብልሃት ልብስ ሰፊ ቢያየው ይወደዋል። ጂኑ ሁለት የንባብ መነሻ አለው። የማለዳው መነሻ የሚሠራው ሁለት ኤክስ ሲኖር ብቻ ነው፤ ጥቂት ፕሮቲን አዘጋጅቶ ይዘጋል። የኋለኛው መነሻ በሁለቱም ጾታ ይሠራል። ነገር ግን ከእሱ የሚወጣው መልእክት መሀሉ ላይ «እዚህ ቁም» የሚል ቁራጭ አለበት። በሴቴዋ የማለዳው ፕሮቲን ያን ቁራጭ አስወጥቶ ግራና ቀኙን ያሰፋል፤ ከተሰፋው መልእክት እንደገና ያው ፕሮቲን ይሠራል፤ እሱም ቀጣዩን ይሰፋል። ዕድሜ ልኳን አይቋረጥም። በወንዴው ሰፊ ስለሌለ ቁራጩ እንዳለ ይቀራል። ከዚህ በታች ትራንስፎርመርና ደብልሴክስ የተባሉ ጂኖች ትእዛዙን ተቀባብለው እስከ ማበጠሪያውና እስከ ቆቡ ያደርሱታል።

የዘር ሕዋሶቹስ? አንድ አካል ውስጥ ናቸውና ያው ሰንሰለት የሚያዛቸው ይመስላል። በ1978 ሎውረንስ ማርሽና ኤሪክ ቪሻውስ ትራንስፎርመር የጎደላቸውን የዘር ሕዋሶች ወደ ጤነኛ ሴቴ ጽንስ አዛወሩ። ያለ ትራንስፎርመር አካሉ ወንዴ ይሆን ነበር። ሕዋሶቹ ግን ጤነኛ እንቁላል ሠሩ። ሰንሰለቱ እነሱ ዘንድ ሲደርስ ተቆርጧል።

በዙሪክ ሞኒካ ሽታይንማን-ዝቪኪና ባልደረቦቿ በ1989 ያወጡት ሥራ መገጣጠሚያውን ራሱን አሳየ። ከጅራት ላይ ከተሰበሰቡት ሕዋሶች ጥቂቱን በመርፌ ይስባሉ፤ ጾታው ሌላ በሆነ ጽንስ ጅራት ላይ ያኖራሉ። ተቀባዩ አድጎ ዝንብ ሲሆን ሆዱን ከፍተው ያያሉ። ሁለት ኤክስ ያላቸው ሕዋሶች ወንዴ አካል ውስጥ ሲገቡ የወንዴ ሥራ ጀመሩ፤ ዙሪያቸው ያለውን አካል ሰሙ። ግን አልጨረሱም፤ በመንገድ ቀሩ። አንድ ኤክስና ዋይ ያላቸው ሕዋሶች ሴቴ አካል ውስጥ ሲገቡ ደግሞ አካሉን አልሰሙም። በእንቁላል ማምረቻው ውስጥ ሆነው የወንዴ ጅምር መልክ ያዙ፤ እንቁላል ግን አንድም አልወጣም።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እወዳለሁ። የዘር ሕዋስ ጾታ ከሁለት ወገን ይመጣል። አንዱ ሕዋሱ ውስጥ ያለው የራሱ ቆጠራ ነው፤ ሌላው ያቀፈው አካል ድምፅ ነው። ሁለቱ ሲስማሙ ሥራው ይጨረሳል። ካልተስማሙ ሕዋሱ ወይ ይከማቻል ወይ ይሞታል። ጥሩ አናጺ ወንድና ሴት ብሎ የሚጠርባቸውን ሁለት እንጨቶች አስቡ፤ አንዱ ጫፍ ገብቶ ሌላው ጎድጓድ ሲቀበለው ምስማር አይፈልግም። እዚህም ሁለቱ ጎኖች ለየብቻ ተጠርበው በመጨረሻ ይገናኛሉ።

ከአካሉ ወገን ያለው ጎን ምን እንደሆነ በ2005 በከፊል ታወቀ። በጆንስ ሆፕኪንስ የማርክ ቫን ዶረን ቡድን በወንዴ ጽንስ የዘር ሕዋሶቹን ያቀፉት የአካል ሕዋሶች ጃክ-ስታት በሚባል መንገድ ምልክት እንደሚልኩ አሳየ። የወንዴው የዘር ሕዋስ ምልክቱን ይቀበላል፤ በሴቴ ጽንስ ግን ምልክቱ በዚያ ሰዓት አይላክም።

ከሕዋሱ ወገን ያለውን ጎን ለማወቅ ትንሽ ቆየ። በ2011 በጃፓን ካዙያ ሃሺያማ፣ ዮሺኪ ሃያሺና ሳቶሩ ኮባያሺ ሴክስ-ሌታል ሁለት ኤክስ ባላቸው የዘር ሕዋሶች ውስጥ ገና በጉዞ ላይ ሳሉ፣ አካሉ ሳያቅፋቸው በፊት፣ እንደሚሠራ አገኙ። ቀጥሎ ያደረጉት ነው ልቤን የያዘው። አንድ ኤክስና ዋይ ባላቸው ሕዋሶች ውስጥ ሴክስ-ሌታልን በግድ አሠሩና ወደ ሴቴ አካል አዛወሯቸው። በ1989 ሙከራ ሴቴ አካል ውስጥ እንቁላል ሳይሆኑ የቀሩት ሕዋሶች ዓይነት ናቸው። በዚህ ጊዜ ግን ልጅ የሚወልዱ እንቁላሎች ሆኑ። የጎደለው አንድ ቁልፍ ብቻ ነበር።

አንድ ጊዜ መለየት ግን አይበቃም፤ መጠበቅ አለበት። በ2012 የቫን ዶረን ቡድን ፒኤችኤፍ-7 የተባለ ጂን በወንዴ የዘር ሕዋስ ብቻ ፕሮቲን እንደሚሠራ አሳየ። ይህ ፕሮቲን ዲ.ኤን.ኤ. የሚጠቀለልበት እንዝርት መሰል ፕሮቲን ላይ ያሉትን ምልክቶች ያነባል። በሴቴ የዘር ሕዋስ ውስጥ በግድ ሲሠራ ሕዋሱ ይጠፋል። የሰው ፒኤችኤፍ-7 ፕሮቲን ጂኑ የጎደለው ዝንብ ውስጥ ሲገባ ጉድለቱን ያቃናል። ዝንብና ሰው ከተለያዩ ስንት ዘመን ሆኖ ቁራጩ አሁንም ልኩ ነው።

ሴቴዋ ይህን ጂን እንዴት ትዘጋለች? በክሊቭላንድ የሄለን ሳልዝ ቡድን በ2015 እና በ2018 ያወጣቸው ሥራዎች መልሱን ሰጡ። ፒኤችኤፍ-7ም እንደ ሴክስ-ሌታል ሁለት መነሻ አለው። ወንዴው ከላይኛው መነሻ ያነባል፤ ፕሮቲን ይወጣል። ሴቴዋ ከታችኛው መነሻ ታነባለች፤ ከዚያ የሚወጣው መልእክት ፕሮቲን አይሆንም። ላይኛውን መነሻ ሴቲዲቢ-1 የተባለ ኢንዛይም በኬሚካል ማኅተም ያሽገዋል። ማኅተሙ እንዲኖር ሴክስ-ሌታል ያስፈልጋል። ሴክስ-ሌታል ወይም ሴቲዲቢ-1 ከጎደለ ማኅተሙ ይነሳል፤ ላይኛው መነሻ ይከፈታል፤ ሕዋሶቹ እንቁላል መሆን ትተው ዕጢ ይሆናሉ። ጂኑ አልተቆረጠም፣ አልተጣለም። ወንድ ልጇ ሲፈልገው እንዲያገኘው ታሽጎ እናት ውስጥ ይቆያል።

ጾታቸው የጸናላቸው ሕዋሶች ወደ ሥራ ሲገቡ መጀመሪያ ተመሳሳይ ናቸው። በሴቴም በወንዴም አንድ ሕዋስ አራት ጊዜ ተከፍሎ 16 ይሆናል። ሳይለያዩ፣ በ15 ቀለበት መሰል መስኮቶች ተያይዘው ይቀራሉ። ቀለበቶቹን መቁጠር ይቻላል፤ ስምንቱ ሕዋሶች አንድ አንድ፣ አራቱ ሁለት ሁለት፣ ሁለቱ ሦስት ሦስት፣ ሁለቱ አራት አራት አላቸው። አቆራረጡ አንድ ነው፤ ስፌቱ የሚለየው ከዚህ በኋላ ነው። በወንዴው 16ቱም አድገው ሁለት ጊዜ ይከፈላሉ፤ 64 ስፐርም ይወጣል። የእያንዳንዱ ርዝመት ወደ 1.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ የዝንቡን የራሱን ቁመት ሊደርስ ጥቂት ነው የሚቀረው። በሴቴዋ ግን ባለ አራት ቀለበት ከሆኑት ሁለቱ አንዱ ብቻ እንቁላል ይሆናል። 15ቱ ሞግዚቶች ናቸው፤ ያላቸውን ሁሉ በመስኮቶቹ ለእሱ አሳልፈው ይሞታሉ። ከሚያሳልፉት መካከል የኦስካር መልእክት አለ። እንቁላሉ ውስጥ ገብቶ እስከ ጅራቱ ጫፍ ይጓጓዝና እዚያ ይታሰራል። እርሾው ቦታውን ያዘ።

በዚህ ሥራ የኢትዮጵያ ደጋ ዝንብ የራሷ እጅ አላት። በ2016 የጆን ፑል ቡድን ከፍቼ አካባቢ፣ ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ የተሰበሰቡ ዝንቦችን ከዛምቢያ ቆላ ዝንቦች ጋር አስተያየ። የፍቼዎቹ ከዚያ በፊት ከሚታወቅ ከየትኛውም የዚህ ዝርያ ማኅበር ይልቅ ግዙፍ ናቸው። የሚጥሉት እንቁላል ቁጥሩ ያነሰ፣ መጠኑ ግን የተለቀ ነው። ለጥቂት ልጅ ብዙ ስንቅ ይቋጥራሉ።

ማታ አንድ ሰዓት ላይ ዝንቦቹን ወደ ጠርሙሱ መለስኳቸው። ሁለት ሰዓት ላይ በማጉያው ሳይ ሙዙ ላይ አንድ ነጭ ነጥብ ነበር፤ ሁለቱ ዘንጎች ቀጥ ብለው ወጥተዋል። በ25 ዲግሪ ቢሆን 90 ደቂቃ በበቃው ነበር። የሆሳዕና ማታ ግን ይቀዘቅዛል፤ ቤቴ ውስጥ 18 ዲግሪ ነበር፤ በዚህ ቅዝቃዜ ሥራው እጥፍ ጊዜ ይወስዳል። እኩለ ሌሊት ሳይደርስ በጅራቱ በኩል የመጀመሪያዎቹ ሕዋሶች ወጥተዋል።